አክስቴ ከሮም በርካሽ በረራ እየመጡ ነው፣ መቼ ከቤት ልውጣ?

ቡና_በጨው (ሐሙስ 21:05)
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ማታ አክስቴ ከሮም ወደ ለንደን ይመጣሉ። እሑድ የልጄ ክርስትና ነው። ትኬቱን የቆረጠችላቸው እዚያው ሮም ያለች የጓደኛቸው ልጅ ናት፣ ከርካሾቹ አየር መንገዶች በአንዱ። እኔ የማውቀው ከቻምፒኖ 20:40 ተነስቶ ስታንስቴድ 22:25 እንደሚደርስ ብቻ ነው።

ችግሩ እንዲህ ነው። አክስቴ ከጣልያን ሲወጡ ዳታ ያጠፋሉ፣ ሒሳብ ይበላብኛል ብለው። እንግሊዝኛ አይችሉም። እኔ ያለሁት ክሮይደን፣ ደቡብ ለንደን ነው፣ ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ላይ ስለሆነ ሕፃኑን ይዤ ነው የምነዳው። ቀድሜ ሄጄ ፓርኪንግ ላይ ፓውንድ መቁጠር አልፈልግም፣ ዘግይቼ ደግሞ የ68 ዓመት ሴትዮ እኩለ ሌሊት ላይ በር ላይ ማስቆም አይሆንም። አውሮፕላን በስልክ የሚታይበት አፕ አለ ይባላል። እውነት ይሠራል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ኤም25_ላይ_ነኝ (ሐሙስ 21:30)
እንኳን ማርያም ማረችሽ። እኔ ታክሲ ነው የምሠራው፣ ከስታንስቴድና ከሉተን ሰው ሳመላልስ ነው የማድረው።

ሰዓቱን ለጊዜው ተዪውና የበረራ ቁጥሩን አምጪ። ሮም ሁለት ኤርፖርት አላት። ለንደንማ ሒትሮው፣ ጋትዊክ፣ ስታንስቴድ፣ ሉተን፣ ሲቲ፣ ሳውዝኤንድ እያለ ይቀጥላል። ቁጥር ከሌለሽ የሰው አውሮፕላን ስታዪ ታመሺያለሽ።

ቁጥሩን ካገኘ በኋላ ብዙ ሰው የሚያደርገው ጎግል ላይ ጽፎ «በሰዓቱ» የሚለውን አረንጓዴ ጽሑፍ አይቶ መረጋጋት ነው። እሱ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ድረስ አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ዋናው ነገር አክስትሽን የሚጭነው አውሮፕላን አሁን የት ነው የሚለው ነው። ርካሾቹ አንዱን አውሮፕላን ከጠዋት እስከ ማታ ሳያሳርፉ ያመላልሱታል፣ ለንደን ሮም፣ ሮም ለንደን፣ ከዚያ ሌላ ከተማ ደርሶ መልስ። መሬት ላይ የሚቆየው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ሪያንኤር እንዲያውም በ25 ደቂቃው የታወቀ ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ተሰልፎ ቆሟል። ጠዋት የተበላች 20 ደቂቃ ማታ ድረስ እየተንከባለለች ትመጣለች። የማታ በረራ በብዛት የሚዘገየውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ነገ ከሰዓት የስታንስቴድ ድረ ገጽ ላይ የመድረሻውን ሳይሆን የመነሻውን ሰሌዳ ክፈቺ። በዚያው አየር መንገድ ወደ ቻምፒኖ የሚሄድ፣ 16:30 አካባቢ የሚነሳ በረራ መኖር አለበት። ብዙ ጊዜ ሄዶ አክስትሽን ይዞ የሚመለሰው እሱ ነው። እሱ በሰዓቱ ከተነሳ እሳቸውም በሰዓቱ ይነሳሉ። እሱ አንድ ሰዓት ከዘገየ ቻምፒኖ የተቀመጠው መንገደኛ ገና ምንም ሳይነገረው አንቺ ታውቂያለሽ።

ዝምታ_ወርቅ (ሐሙስ 21:48)
አቦ ምን ይሄ ሁሉ ጣጣ! ስልክ ሳይኖር ስንት ሰው ተቀብለናል። የተባለው ሰዓት ላይ ሄደሽ ቁጭ በይ፣ ሲመጡ ይመጣሉ።

ኤም25_ላይ_ነኝ (ሐሙስ 21:55)
@ዝምታ_ወርቅ አንተ ቁጭ በል። እሷ አራስ ናት።

ስታዚዮኔ_ቴርሚኒ (ሐሙስ 22:10)
ከሮም ነው። መብረሩን ከመከታተልሽ በፊት መሳፈራቸውን አረጋግጪ። እዚህ ያለን ሰዎች የምንያዘው በሩ ላይ ነው።

የጣልያን ፓስፖርት ካላቸው ኢቲኤ የሚባለውን የእንግሊዝ የመግቢያ ፈቃድ ኦንላይን ማውጣት አለባቸው፣ ለአውሮፓ ዜጎች ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ግዴታ ነው። በመታወቂያ ካርድ መግባት ከኦክቶበር 2021 ወዲህ ቀርቷል፣ «እኔ ሁሌም በካርታ ዲዴንቲታ ነው የምሄደው» የሚሉ እናቶች ዛሬም አሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጣልያን ሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) ከሆነ የያዙት ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፣ ቪዛ ይጠየቃሉ።

ሪያንኤር ከሆነ ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ቦርዲንግ ፓስ በስልክ ብቻ ነው፣ ወረቀት አትሞ መሄድ ቀርቷል። ስለዚህ ስልካቸው ሞልቶ ይውጣ።

ሾፔሮም አይርሱ። የጣልያን አድማ ዓርብ ቀን ይወዳል። ደስ የሚለው ነገር የአድማ ቀንም ቢሆን ከጠዋቱ 7:00 እስከ 10:00 እና ከ18:00 እስከ 21:00 ያሉ በረራዎች በሕግ የተጠበቁ ናቸው፣ የሲቪል አቪዬሽኑ መሥሪያ ቤት ኤናክ ያስከብረዋል። የ20:40ው እዚያ ውስጥ ገብቷል።

እና እባክሽ ፓርሚጃኖ አይብ እንዳይዙ ንገሪያቸው። እንግሊዝ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ውጤት ለግል ፍጆታም ቢሆን ማስገባት ከልክላለች፣ በከብቶቹ በሽታ ምክንያት። ለክርስትና የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፣ አውቃለሁ። ቡናና ቸኮላታ ችግር የለውም።

ቡና_በጨው (ሐሙስ 22:40)
አሁን ደውዬ አነጋገርኳቸው። ኢቲኤ ልጅቷ አውጥታላቸዋለች፣ ተመስገን። አይቡን ግን ገዝተው ጨርሰዋል፣ ሁለት ትልልቅ ቁራጭ። ተናደዱ። «ለጎረቤት እሰጠዋለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉት። የበረራ ቁጥሩን ልጅቷ ላከችልኝ፣ ይኸው ፎቶው።
[ፎቶ ተነሥቷል]

አወያይ (ሐሙስ 22:46)
ፎቶውን ያነሣነው እኛ ነን። ቦርዲንግ ፓስና የትኬት ኮድ እዚህ አይለጠፍም። ኮዱና የአያት ስሙ አንድ ላይ ከተገኙ ማንም ሰው አየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ በረራውን መነካካት ይችላል፣ ያ ባለ ብዙ ነጥብ ካሬም ቢሆን ሲነበብ ይሄንኑ ይናገራል። የበረራ ቁጥር ብቻውን ግን ምስጢር አይደለም፣ እሱን መጻፍ ይቻላል።

ቡና_በጨው (ሐሙስ 23:02)
እሺ አመሰግናለሁ። አፑን አወረድኩ፣ ፍላይትራዳር24 የሚሉትን። ቁጥሩን ስጽፍ የዛሬውን በረራ አሳየኝ፣ ግን ካርታው ላይ አውሮፕላኑን ስነካው ስሙ ሌላ ነው። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ነገር። የተሳሳተ ነው የማየው?

ሰማይ_ጠቀስ (ሐሙስ 23:20)
ትክክል ነው የምታዪው። ይሄ የኔ ሱስ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝመው።

ትኬት ላይ ያለው ቁጥር ለመንገደኛ ነው። አብራሪው ከተቆጣጣሪ ጋር ሲያወራ የሚጠራበት ስም ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። አንድ አየር መንገድ በአንድ ሰማይ ላይ ሃያና ሠላሳ አውሮፕላን ሲኖረው ተመሳሳይ ቁጥሮች በሬዲዮ ይምታታሉ፣ አንዱ የሌላውን ትእዛዝ ሰምቶ እንዳይወርድ ቁጥሩን በፊደል ይቀያይጡታል። ስለዚህ ሁልጊዜ በትኬቱ ቁጥር ፈልጊ እንጂ ካርታው ላይ የተጻፈውን ስም አትመኚ።

ሌላው ግራ የሚያጋባው እህት ኩባንያ ነው። ዊዝ የሃንጋሪው ደብልዩ6፣ የእንግሊዙ ደብልዩ9፣ የማልታው ደብልዩ4 ነው። ሪያንኤር ኤፍአር ነው፣ የእንግሊዙ ልጁ ግን አርኬ ይላል። ኢዚጄት ትኬት ላይ ዩ2 ሆኖ የኤርፖርቱ ሰሌዳ ላይ ኢዜድዋይ ወይም ኢጄዩ ሊል ይችላል። ፊደሉ አልገጥም ካለሽ የመነሻውን ከተማና ሰዓቱን አይተሽ አስታርቂው።

አፑ የሚሠራው እንዲህ ነው። አውሮፕላኑ ራሱ ያለበትን ቦታ፣ ከፍታና ፍጥነት በየሰከንዱ ይለፍፋል። ያንን የሚሰበስቡት በየሰዉ ጣሪያ ላይ የተተከሉ ትንንሽ አንቴናዎች ናቸው፣ አብዛኛው የበጎ ፈቃደኛ ነው። ኩባንያው የስዊድን ነው። አውሮፓ ላይ አንቴና ስለሞላ አክስትሽን ከቻምፒኖ አስፋልት እስከ ስታንስቴድ አስፋልት ታያቸዋለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። አውሮፕላኑን ስትነኪ የምዝገባ ቁጥሩ ይመጣል፣ እንደ መኪና ታርጋ ነው። እሱን ስትነኪ ደግሞ የዚያ አውሮፕላን የቀን ውሎ በሙሉ ይዘረገፋል። ወንድማችን ከላይ ያለው የሰሌዳ ዘዴ ይሄንኑ ያለ አፕ ማግኘት ነው። ግን አንዳንዴ በመጨረሻ ሰዓት አውሮፕላን ይቀይራሉ፣ በተለይ የሚበላሽ ካለ። ሁለቱንም እያስተያየሽ ሂጂ።

ማይን_ወንዝ (ዓርብ 07:15)
ከፍራንክፈርት። ለዚህች እህት ባይሆንም ሌሎቻችሁ አንብቡት። ትኬት ላይ የከተማ ስም አይታችሁ አትውጡ። «ፍራንክፈርት ሐን» ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። «ፓሪስ ቦቬ» 85 ኪሎ ሜትር። «ስቶክሆልም ስካቭስታ» 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰዎች ዋናው ኤርፖርት ሄደው አበባ ይዘው ይቆማሉ፣ እንግዳው ጫካ መሀል አርፏል። ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ሩቅ ያሉት ኤርፖርቶች ለአየር መንገዱ ክፍያ ይቀንሱለታል፣ ቤንዚኑን የምትከፍለው አንተ ነህ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማሚ (ዓርብ 13:30፣ በእናንተ)
እኛ ጋ ዋሽንግተን ደግሞ ዱለስ፣ ሬገንና ቢደብልዩአይ የሚባሉ ኤርፖርቶች አሉ፣ ሦስቱም «ዲሲ» ነው የሚባለው፣ እንግዳው ራሱ የት እንደሚያርፍ አያውቅም። በሳውዝዌስት አየር መንገድ የሚመጣ ሰው የምትቀበሉ ልብ በሉ፣ አንድ የበረራ ቁጥር ሁለት ሦስት ከተማ ላይ እየቆመ ሊቀጥል ይችላል። ከዴንቨር የሚመጣ ሰው ቁጥሩን ስትጽፉ መጀመሪያ የሚመጣው እስከ ቺካጎ ያለው ቁራጭ ሊሆን ይችላል፣ «አርፏል» ሲል ቺካጎ ነው ያረፈው። የመጨረሻውን ቁራጭ ምረጡ። የፓርኪንግ ነገር እኛ ጋ ቀላል ነው፣ ሦስቱም ጋ ነፃ የስልክ መጠበቂያ ቦታ አለ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለሽ ሲደወል ትነሺያለሽ። እንግሊዝ እንዲህ ያለ የለም እንዴ?

ኤም25_ላይ_ነኝ (ዓርብ 14:05)
ነፃ? እህቴ እዚህ በር ላይ ትንፋሽ ለመውሰድም ያስከፍላሉ። ሒትሮውና ጋትዊክ የሚያወርዱበት ቦታ በር እንኳን የለውም፣ ካሜራ ታርጋሽን ያነባል፣ እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት ኦንላይን ካልከፈልሽ ቅጣት ቤትሽ ይመጣል።

ስታንስቴድ ግን ሚድ ስቴይ የሚሉት ፓርኪንግ የመጀመሪያው 60 ደቂቃ ነፃ ነው፣ ወደ ተርሚናሉ አውቶቡስ አለ። እኔ የምጠብቀው በርቻንገር ግሪን ነው፣ ኤም11 አውራ ጎዳና መውጫ 8 ላይ ያለው የመኪና ማረፊያ፣ ኤርፖርቱ አፍንጫ ሥር። ሕፃን ለያዘ ሰው ይመቻል፣ ዳይፐር መቀየሪያ አለ፣ ሻይ አለ። ሲያርፉ ከዚያ መነሣት ነው። ብቻ የአክስትሽ ዳታ ስለማይሠራ ዛሬውኑ የምትገናኙበትን ቦታ ቁረጡ። «ከበሩ ሲወጡ ፊት ለፊት ካለው ካፌ አጠገብ ይቁሙ፣ ከዚያ እንዳይነቃነቁ» በያቸው። የኤርፖርቱ ነፃ ዋይፋይ አለ፣ ግን ኢሜይል ሙሉ፣ ሳጥኑን ምልክት አድርግ የሚለው ነገር ለእሳቸው አይሆንም።

ቡና_በጨው (ዓርብ 17:35)
ሰዎች! የመነሻ ሰሌዳው ላይ 16:30 የነበረው የቻምፒኖ በረራ 17:22 ነው የተነሳው። አየር መንገዱ ግን የአክስቴን በረራ አሁንም በሰዓቱ ነው ይላል። አክስቴ ቻምፒኖ ደርሰው ቡና እየጠጡ ነው፣ ምንም አልተነገራቸውም።

ኤም25_ላይ_ነኝ (ዓርብ 17:41)
ነገርኩሽ። እንቁጠረው። በ17:22 የተነሳ ቻምፒኖ የሚደርሰው በእኛ 20:00 ገደማ ነው፣ በሮም 21:00። ግማሽ ሰዓት ለማራገፍና ለመጫን። 21:30 በሮም ይነሳል ማለት ነው፣ በእኛ 20:30። ስታንስቴድ 23:10 አካባቢ። ትንሽ ሊያካክስ ይችላል፣ ምክንያቱም ትኬት ላይ የሚጻፈው የጉዞ ሰዓት ሆን ተብሎ ይለጠጣል፣ በሰዓቱ ደረስን ለማለት። አየር ላይ የሚቆየው ከ2 ሰዓት ከሩብ ብዙም አይበልጥም።

ስለዚህ 20:50 ከቤት ልትወጪ ከነበረ ተይው። ልጁን አጥቢ፣ እራትሽን ብዪ።

ዝምታ_ወርቅ (ዓርብ 17:58)
አየር መንገዱ በሰዓቱ ካለ በሰዓቱ ነው። የራሱን አውሮፕላን ከታክሲ ሾፌር ያንስ ያውቃል?

ሰማይ_ጠቀስ (ዓርብ 18:10)
ማወቁን በደንብ ያውቃል። ቀድሞ ቢናገር ግን መንገደኛው ከበሩ ተነሥቶ ይበተናል፣ አውሮፕላኑ ትንሽ ቀደም ብሎ ከደረሰ ሰው መልቀም አይችልም። ለዚህ ነው ሰሌዳውን ቶሎ የማይቀይሩት።

ቡና_በጨው (ዓርብ 20:47)
አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ። የቻምፒኖ ሰሌዳ በሩ ተዘግቷል ይላል። ካርታው ላይ ግን አውሮፕላኑ እዚያው ቆሟል። አክስቴ ስልካቸውን አጥፍተዋል። ምን ሆነው ነው?

ሰማይ_ጠቀስ (ዓርብ 20:52)
ምንም አልሆኑም። ስሎት እየጠበቁ ነው። አውሮፓ ሰማዩ ሲጨናነቅ ብራስልስ ያለው ዩሮኮንትሮል ለእያንዳንዱ በረራ የመነሻ ደቂቃ ይቆርጣል። የራሱን ደቂቃ ያሳለፈ አውሮፕላን እንደገና ወረፋ ይይዛል። ስለዚህ አብራሪዎቹ ሰውን ጭነው፣ በር ዘግተው፣ «ዝግጁ ነን» ብለው ይቀመጣሉ፣ ክፍተት ሲገኝ ቶሎ እንዲሰጣቸው። ውስጥ ያለው ሰው ሙቀቱን ይችላል። «በር ተዘጋ» ማለት «ተነሳ» ማለት አይደለም፣ ካርታው ላይ ከፍታው ከዜሮ ሲነቃነቅ ያኔ ተነስቷል በይ።

ቡና_በጨው (ዓርብ 21:01)
ተነሳ! ከፍታው እየጨመረ ነው። መድረሻ 23:14 ይላል።

ኤም25_ላይ_ነኝ (ዓርብ 21:06)
ይሄንን ሰዓት እመኚው፣ ከተነሳ በኋላ ብዙ አይዋሽም። 21:50 ውጪ። ዳርትፎርድ ዋሻው ጋ ከ22:00 በኋላ ትደርሻለሽ፣ ከ22:00 እስከ ጠዋት 6:00 ደግሞ ክፍያ የለም። የአየር መንገዱ መዘግየት ለአንቺ ጠቀመሽ። ከመውጣትሽ በፊት ኤም25ም ኤም11ም ማታ ለጥገና ይዘጉ እንደሆነ አንድ ጊዜ እዪ፣ ዓርብ ማታ አታምኚያቸው።

ሌላ ልንገርሽ፣ «አርፏል» ሲል አትሩጪ። ካረፈ በኋላ አስፋልቱ ላይ ይሽከረከራል፣ ደረጃ ይጠበቃል፣ ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ሰውን ከፊትና ከኋላ በደረጃ ነው የሚያወርዱት። ከዚያ ረጅም እግር መንገድ ወይም ትንሿ ባቡር፣ ከዚያ ፓስፖርት። የእጅ ሻንጣ ብቻ ከሆነ 30 ደቂቃ፣ የተጫነ ሻንጣ ካለ 45 በይ። እድሜያቸው ስለገፋ ትንሽ ጨምሪበት።

ስታዚዮኔ_ቴርሚኒ (ዓርብ 21:15)
የጣልያን ፓስፖርት ከሆነ በማሽኑ በር ማለፍ ይችላሉ። ግን መነጽራቸውን ያውልቁ፣ ነጠላውንም ከራሳቸው ላይ ያውርዱ፣ ማሽኑ ፊት ካላወቀ ወደ ረጅሙ ሰልፍ ይልካቸዋል።

ቡና_በጨው (ቅዳሜ 01:45)
ቤት ገባን። 23:16 አረፉ፣ ከበሩ የወጡት 23:58 ነው። በርቻንገር ላይ ሕፃኑ ተኝቶልኝ ነበር፣ ካረፉ በኋላ ነው የተነሣሁት፣ ሚድ ስቴይ አቁሜ ስገባ አምስት ደቂቃ ቀድሜያቸዋለሁ። ፓርኪንግ ምንም አልከፈልኩም።

ማሽኑ መልሷቸዋል፣ በነጠላው ምክንያት ሳይሆን ፓስፖርቱን ገልብጠው አስገብተውት። አንዲት የኤርትራ ልጅ አግኝታ ረዳቻቸው። እና የወጡት እየሳቁ ነው። «ማሽኑ ከማርሻሎው ባሰ» ይላሉ፣ የጣልያን ፖሊስ አለቃውን ማለታቸው ነው። አይቡ ሮም ቀርቷል፣ በምትኩ ሻንጣው በሙሉ ኮንፌቲ (ስኳር የለበሰ ለውዝ) ነው፣ ነጭ ነጩ የክርስትናው። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

ጠበቃ_ባልሆንም (ቅዳሜ 09:20)
እንኳን በሰላም ገቡ። ካሳ የሚባል ነገር አለ፣ ስለዚያ ማንም አላነሳም። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ በረራ ከ3 ሰዓት በላይ ዘግይቶ ከደረሰና ጥፋቱ የአየር መንገዱ ከሆነ፣ እስከ 1500 ኪሎ ሜትር ላለ ጉዞ 250 ዩሮ ይከፈላል። ሮም ለንደን ከዚያ ትንሽ ያንሳል። ከለንደን ለሚነሳው የእንግሊዝ ሕግ አለ፣ 220 ፓውንድ። ትኬቱ 20 ዩሮ ቢሆንም ካሳው ያው ነው፣ በትኬቱ ዋጋ አይለካም። አውሎ ነፋስ ወይም የአየር ተቆጣጣሪዎች አድማ ከሆነ ግን አይከፍሉም።

እና ሰዓቱ የሚቆጠረው ጎማው መሬት ሲነካ ሳይሆን በሩ ሲከፈት ነው፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 ወስኗል። 2 ሰዓት ከ58 ላይ አርፎ ደረጃ ሲጠበቅ 3 ሰዓት ካለፈ ካሳ አለ ማለት ነው። ለዚህም የኤርፖርቱን ሰሌዳ ስክሪንሾት መያዝ አይጎዳም።

ዝምታ_ወርቅ (ቅዳሜ 09:41)
50 ደቂቃ ስንት ይከፈላል?

ጠበቃ_ባልሆንም (ቅዳሜ 09:44)
ይቅርታ ይከፈላል። እሱም ካላቸው።

ገርጂ_ማዞሪያ (ቅዳሜ 11:10)
ክሩ ላይ ጣልቃ ልግባ፣ ከአዲስ አበባ ነኝ። እህቴ ከዱባይ በፍላይዱባይ ትመጣለች። «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ቦሌ ነኝ» ብላለች። እናቴ ከአሁኑ እንቅልፍ አጥታለች። እዚህም ይሄ ነገር ይሠራል?

ቦሌ_ተራ_አስከባሪ (ቅዳሜ 12:25)
ይሠራል። መጀመሪያ ግን ማክሰኞ ለረቡዕ ነው ወይስ ሰኞ ለማክሰኞ? ትኬቱ ላይ 02:05 ማክሰኞ የሚል ከሆነ ሰኞ ማታ እራት በልታችሁ የምትወጡት ነው። በዚህ ምክንያት እንግዳ ጠዋት በላዳ ቤቱ ድረስ መጥቶ በር የሚያንኳኳበት ቤት ብዙ ነው። ትኬቱን ራሱን ፎቶ አንሥታ ትላክላችሁ፣ በቃል አትቀበሉ። የዱባይ ሰዓት ከእኛ በ1 ሰዓት ይቀድማል፣ መንገዱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ትኬት ላይ የመድረሻው ሰዓት የአዲስ አበባ ነው፣ ምንም አትደምሩ፣ አትቀንሱ።

ከዱባይ ከመነሳቷ በፊት ዋትስአፕ ላይ ትጻፍ፣ ጥሪው እዚያ ተዘግቷል፣ ጽሑፉና የድምፅ መልእክቱ ግን ይሄዳል። ከተነሳች በኋላ የበረራ ቁጥሩን አፑ ላይ ክፈቱ።

እናትሽ ካርታውን የምታይ ከሆነ አንድ ነገር ቀድመሽ ንገሪያት። አውሮፕላኑ መሀል ላይ ሊጠፋ ይችላል። ቀይ ባሕር አካባቢና ወደ እኛ ሲጠጋ መሬት ላይ ያለው አንቴና እንደ አውሮፓ አይደለም፣ ምልክት ሲያጣ አፑ በግምት ያስኬደዋል ወይም ከነጭራሹ ያጠፋዋል። ከዚያ አዲስ አበባ ላይ ብቅ ይላል። እኛ ሰፈር አንዷ እናት ያን አይታ እሪታዋን አቅልጣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቷል።

ቦሌ ውስጥ አትገቡም፣ ውጪ ፓርኪንጉ ጋ ነው የምትጠብቁት፣ ሌሊት ብርድ ስላለ ጋቢ ያዙ። እና ካረፈች በኋላ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቁጠሩ። ከዓረብ አገር የሚመጣ ሰው ሻንጣው ብዙ ነው፣ ጉምሩክ ላይ ይፈተሻል። እሷን ትኬቱን ስትልክ ምን ምን እንደያዘች ጠይቋት፣ ቴሌቪዥን አለበት ካለች ቪትዝ አይበቃችሁም።